በጾም የጠለለ ጠጅ

ማክሰኞ ጠዋት የጋኑን አፍ ፈትቼ በብርጭቆ ቀዳሁና ወደ በሩ ብርሃን ወሰድኩት። እንደ ሰኞው ነው። እንደ እሑዱም ነው። ሽታው ጥሩ ነው፣ ጣዕሙም የሚነቀፍ አይደለም፤ ግን የሳሙና ውሃ የመሰለ ድፍርስ መሐሉ ላይ ቆሞ አልወርድም ብሏል። መልሼ ደፋሁትና የጋኑን አፍ አሰርኩ። የባለቤቴ ሙት ዓመት ቅዳሜ ነበር።

ጠጅ ጥሎ ለማያውቅ ሰው ማጥለል ቀላል ይመስላል። ማሩ በውሃ ይበረዛል፣ ሰፈፉ ይገፈፋል፣ ጌሾው ገብቶ ይወጣል፤ ከዚያ ጠጁ ተዘግቶ ሲቀመጥ ድፍርሱ በራሱ ጊዜ ወደ ታች ይወርድና ከላይ ያለው ይጠራል። የሚያስፈልገው ጊዜና አለመነካካት ነው። እኔ ሁለቱም አልነበሩኝም። ማሩ ከቡሌ የመጣው ዘግይቶ ነው፤ መንገዱ ተበላሽቶ ዘመዶቼ እስከ መኪናው ድረስ በትከሻቸው ተሸክመው አወረዱት። ሲደርስም ከነሰፈፉ፣ ከነሞቱት ንቦቹ ነበር። አዲስ ማር ለመብላት እንጂ ለተቸኮለበት ጠጅ አይሆንም። ይህን አውቃለሁ። እያወቅሁ ጣልኩት፤ ምክንያቱም ቀኑ አይጠብቀኝም፣ የባለቤቴ እህትም አትጠብቀኝም።

የባለቤቴ ታላቅ እህት ናት። ፊት ለፊት «እትዬ» እና «እርስዎ» እላታለሁ። እዚህ ግን «እሷ» ብዬ እጽፋለሁ፤ ዕድሜዬም ይፈቅድልኛል፣ ንዴቴም።

የባለቤቴ ቤተሰብ ከሸዋ መጥቶ ዲላ ሱቅ የከፈተ ነው። የእኔ አባትም ከዚያው አገር የመጣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ እናቴ ግን የቡሌ ጌዴኦ ናት። እትዬ አባቴን ረስታ እናቴን ብቻ ታስታውሳለች። በተጋባን በመጀመሪያው ዓመት የጣልኩትን ጠጅ ስትቀምስ «የዋሳ አገር ልጅ ጠጅ ከየት ታውቃለች?» አለች። ዋሳ ከእንሰት የሚጋገረው የእናቴ አገር እንጀራ ነው። ሰዎቹ ሳቁ። እኔም አዲስ ሙሽራ ስለነበርኩ አብሬ ሳቅሁ። ከንግግሯ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ያ ሳቄ ነው።

አንድ ልማድ አላት። ጠጅ ሲቀዳላት ቀለበት ያለበትን ጣቷን ከብርሌው ጀርባ አድርጋ በጠጁ ውስጥ ታየዋለች። ቀለበቷ ጥርት ብሎ ከታያት ትጠጣለች። ካልታያት ብርሌውን ቁጭ አድርጋ «ይኼንንስ ለላሟ ስጧት» ትላለች። ይህን በሰርግም፣ በክርስትናም፣ በማኅበርም አድርጋዋለች። እኔም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ቢሮ ውዬ እየመጣሁ፣ ዓመት ካመት የዚያችን ሴት ቀለበት ላሳያት ስል ጠጅ መጣል ተማርኩ። ጎበዝም ሆንኩ። ሰው «ጠጅ ጣይልን» ብሎ ይለምነኝ ነበር። እሷ ግን አንድ ቀን እንኳን «ጥሩ ነው» አላለችም። ዝም ብላ ትጠጣለች።

ያን ማክሰኞ ደወለች።

«ሰላም ነሽ? ጠጁስ?»

«ደህና ነው፣ እትዬ።»

«ደህና ማለት ምንድን ነው? ታሞ ነበር እንዴ? ጠለለ ወይስ አልጠለለም?»

«ይጠልላል።»

«ሰው ይዤ ነው የምመጣው። ከፍስሐ ገነትም የሚመጡ አሉ። የወንድሜ ሙት ዓመት ነው፤ አተላ እንዳታጠጪን አደራ።»

ስልኩ ሲዘጋ ምራቴ አጠገቤ ቆማ ነበር። የልጄ ሚስት ናት። ልጄ በቡና ወቅት ለሥራ ገደብ ከተማ ስለሚሰነብት ከእኔ ጋር የምትኖረው እሷ ናት። ያደገችው ከፕሮቴስታንት ቤተሰብ ነው፤ ከሰርጉ በፊት በእኛ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቃ ነው ያገባችው። እትዬ እስከ ዛሬ ስሟን ጠርታ አታውቅም፤ «ጴንጤዋ» ነው የምትላት፣ ልጅቷ እየሰማች።

«ምን አሉ?» አለችኝ።

«ምንም። ነጠላውን አምጪ።»

አሮጌ ነጠላ አራት እጥፍ አድርገን፣ እሷ ጫፍና ጫፉን ይዛ እኔ እየቀዳሁ፣ ጠጁን ከጋን ወደ በርሜል፣ ከበርሜል ወደ ጋን አጠለልነው። አንድ ጊዜ። ሁለት ጊዜ። ሦስተኛው ላይ ከመጀመሪያው ይልቅ ደፈረሰ፤ መነካካት የማይገባውን ነገር ቀኑን ሙሉ ስናምሰው ዋልን። ወደ ጋኑ መመለስ የታከተኝን ትርፍ በጀሪካን አድርጌ ጓዳ ከተትኩትና ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። እጄ ተጣብቋል። ዝንብ ወሮናል።

«እማዬ» አለች ምራቴ፣ «ውጭ አገር የማር መጠጥ የሚሠሩ ሰዎች ስልክ ላይ አይቻለሁ። በሁለት ቀን የሚያጠሩበት ዘዴ አላቸው። ልሞክረው?»

«መድኃኒት ነው?»

«ኧረ አይደለም። እቤት የሚገኝ ነገር ነው።»

«ሞክሪው። ብቻ ከፊቴ ዞር በሉልኝ፣ አንቺም ጠጁም።»

ምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ይህን በግልጽ መጻፍ ይገባኛል፤ በኋላ የሆነው ሁሉ ከዚያ አለመጠየቅ የመጣ ነው። ነጠላዬን ለብሼ ስለ ዕድራችን ድንኳንና ወንበር ልነጋገር ወጣሁ።

ሐሙስ ጠዋት ጋኑን ከፈትኩ። በብርጭቆ ቀድቼ በሩ ላይ ያዝኩት። በጠጁ ውስጥ የጎረቤቴ የቆርቆሮ አጥር ታየኝ። አጥሩ ላይ የተሰጣው ልብስ ታየኝ፣ የሸሚዙ ቁልፍ ሳይቀር። በዕድሜዬ እንዲህ የጠለለ ጠጅ ጥዬ አላውቅም። ቶሎ የማመሰግን ሰው አይደለሁም፤ ያን ጠዋት ግን ምራቴን ጠርቼ «ጎበዝ» አልኳት።

ፊቷ በራ። «ሠራ አይደል? እኔም እኮ ፈርቼ ነበር። የእንቁላል ነጭ ነው፣ እማዬ። የሦስት እንቁላል። ትንሽ ጨው አድርጌ መታሁትና ጨመርኩት። ድፍርሱን ሰብስቦ ይዞት ይወርዳል።»

«እንቁላል» አልኩ።

«ነጩን ብቻ። አስኳሉን እኔም ስለምጾም ለጎረቤት ልጆች ሰጠኋቸው።»

የነቢያት ጾም ነበር። ከገባ ሳምንታት አልፈውታል። እኔ ከሥጋና ከቅቤ ርቄ፣ ለሙት ዓመቱ የሚመጣው ሰው ሁሉ ጾሞ፣ ቄሱ ባርከው የሚጠጡት ጠጅ ሦስት እንቁላል ገብቶበታል።

«በጾም?» አልኳት።

ግራ ተጋባች። የእውነት ግራ ተጋባች። «እንቁላሉ እኮ ከሥር ቀርቷል፣ እማዬ። ማንም አይበላውም። ልክ እንደ ማጥለያው ጨርቅ ማለት ነው። ጨርቁን ማን ይበላዋል?»

የጨርቁ ነገር ልክ መምሰሉ አበገነኝ። አስኳሉን ስለጾመች የሰጠች ልጅ፣ ነጩን ለሙት ዓመት ጠጅ ትጨምራለች! ሌላ ሰው ቢሆን እንዲህ ያለ ስሕተት አይሳሳትም፤ ወይ ሁሉንም ይጾማል፣ ወይ ምንም አይጾምም። እኔ ስቆጣ አልጮኽም። ድምፄ ይቀንሳል። በዚያ ድምፅ «አንቺ ጾም ከየት ታውቂያለሽ?» አልኳት።

ቃሉ የማን እንደሆነ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ምራቴ ጭልፋውን አስቀምጣ ወደ ሥራዋ ሄደች። እኔ ከነጋኑ ቀረሁ።

ያን ሁሉ ጠጅ ምን ላድርገው? በቀኝ ያሉት ጎረቤቶቼ ሙስሊሞች ናቸው፣ በግራ ያሉት ፕሮቴስታንቶች፤ አንዳቸውም አይጠጡም። እንዳልደፋው፣ የእናቴ ወገኖች በትከሻቸው ያወረዱት ማር ነው። ቄሱን ሄጄ ብጠይቃቸው ምናልባት «ባለማወቅ ነው፣ ግድ የለም» ይሉኝ ይሆናል። መልሱን አልፈለግሁትም። ማወቄን እኔ አውቃለሁ።

ደግሞም ሌላ ነገር ነበር። ባለቤቴ የሞተው በዚሁ ጾም ነው። መጨረሻ ላይ ምግብ እንቢ ሲለው ሐኪሙ ወተትና እንቁላል ስጡት አለ። ያድነዋል አላለም፤ አቅም ይሰጠዋል ነው ያለው። ቄሱም ለታመመ ሰው ተፈቅዷል አሉ። ወተቱን አሞቅሁና በስኒ ይዤ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። እሱ ፊቱን አዞረ። እህቱ ከራስጌው ቆማ «ተይው፣ ጾሙን አታስፈቺው። የወንድሜን ነፍስ አታስጨንቂ» አለችኝ። ስኒውን ይዤ ወጣሁ። ኩሽና ቆሜ እስኪቀዘቅዝ ያዝኩትና ደፋሁት። በእሱም ተናድጃለሁ። በሞተ ሰው መናደድ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ተናድጃለሁ። በለቅሶው ላይ እህቱ ለመጣ ሰው ሁሉ «ጾሙን ሳይፈታ ሄደ» እያለች ስትናገር ሰማኋት፣ ሱቅ ከፍቶ እንደተሳካለት ወንድም በኩራት።

ሐሙስን ሙሉ ያ ጋን ሌላ ነገር ያሳስበኝ ጀመር። ለዚያች ሴት በጾም እንቁላል ላጠጣት አማረኝ። ቀለበቷን በጠጁ ውስጥ እያየች፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ ብሏት ትጠጣው። እኔ ብቻ አውቄ እቀመጣለሁ። ወጥ ስሠራ፣ ሽንኩርት ስልጥ ይህን አሰብኩት፤ ጣመኝም። ሐሳቡ ኃጢአት መሆኑ አይደለም ያስቆመኝ። ቄሱ ጠጁን ሲባርኩ የሚጠሩት የእሱን ስም ነው። ልክም ይሁን አይሁን፣ አንድ ስኒ ወተት እንቢ ብሎ የሞተ ሰው ነው።

ዓርብ ጠዋት ምራቴን «ጠርሙስ ፈልጊ» አልኳት። ይቅርታ አልጠየቅኋትም፤ እሷም አልጠበቀችም። የጋኑን ጠጅ አተላው ሳይነካ ቀስ ብለን በፕላስቲክ የውሃ ጠርሙሶች ሞላነውና ጓዳ ከበሩ ጀርባ ደርድረን ጋቢ አለበስነው። ለገና ይቆያል፤ ገና ሲሆን ጾሙ ይፈታል። ለቅዳሜ የጀሪካኑ ድፍርስ ይቀርባል። እንቁላል ያልነካው እሱ ብቻ ነው።

«ምን ይላሉ?» አለችኝ ምራቴ። ማንን ማለቷ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

«የምትለውን ትበል። ይህ በአንቺና በእኔ መሐል ነው። ለባልሽም አትንገሪ።»

ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰዉ ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጠ። ቄሱ ጸልየው ባረኩ። ሽሮውም፣ ምስሩም፣ ጎመኑም ዞረ፤ ዋሳም አቀረብኩ፣ ሆን ብዬ። ከዚያ ጠጁ ተቀዳ። እትዬ ከዘመዶቿ መሐል ተቀምጣ ብርሌዋን አነሣች፣ ጣቷን ከጀርባው አደረገች። ሰዉ ልማዷን ስለሚያውቅ ዝም ብሎ ጠበቃት።

«ቀለበቴ!» አለች። «ኧረ ሰዎች፣ ቀለበቴን ያያችሁ? አሁን እጄ ላይ ነበረች።»

ሳቁ።

«ምንድን ነው የቀዳሽልን፣ ጉም ነው? ጉም የማይለየው ቡሌ ያለን መሰለኝ እኮ!»

አሁንም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። «አዲስ ማር ነው፣ እትዬ። አልጠለለልኝም» አልኳት።

«አርባ ዓመት አስተማርንሽ፣ አልጠለለልኝም ትይኛለሽ!»

ቄሱ የያዙትን ጨርሰው «እኔ ጉሙን ወድጄዋለሁ፣ ይደገመኝ» አሉ። ነገሩ በዚያ ባበቃ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ግን ለመጣ እንግዳ ወንበር ጎደለ፤ እትዬም «እኔ አመጣለሁ፣ የወንድሜ ቤት አይደል» ብላ ወደ ውስጥ ገባች። ጓዳው በር ላይ ልደርስባት ስል ቀደመችኝ። ስትመለስ በእጇ ወንበር የለም። ጠርሙስ ይዛለች።

ፀሐዩ ላይ ከፍ አደረገችው። እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር።

«እዩልኝ!» አለች። «ከበሩ ጀርባ፣ ጋቢ ተከናንቦ! ከነወንድሞቹ! አልጠለለልኝም ትላለች እንጂ ይኸው ጠልሎ ተኝቷል። ይኼ ለማን ነው?»

«ለገና ነው፣ እትዬ።»

«ለገና? ሙት ዓመቱ ዛሬ ነው። ወንድሜ ለገና ይመጣል ብለሽ ነው?»

ማንም አልሳቀም።

«ገባኝ» አለች። «አተላው ለእኛ፣ ጥሩው ለምራትሽ ወገኖች።»

«የምራቴ ወገኖች ጠጅ አይጠጡም።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ይህ አባሰባት። ድፍርሱን ከብርሌዋ መሬት ላይ ደፋችው፤ የተባረከውን፣ የወንድሟ ስም የተጠራበትን። የጠርሙሱን ክዳን ከፈተችና ሞልታ ቀዳች። ጣቷን አዞረች። «ይኸውላችሁ ቀለበቴ» አለችና ብርሌውን ወደ አፏ ወሰደች።

ከእኔ የሚጠበቀው ዝም ማለት ብቻ ነበር። አልሰጠኋትም፣ አልቀዳሁላትም። ራሷ ገብታ፣ ራሷ ከፍታ፣ ራሷ ልትጠጣው ነው። ሐሙስን ሙሉ የተመኘሁት ነገር ያለ እጄ ሊፈጸም ነበር።

ብርሌውን ከእጇ ነጠቅሁት። ጠጁ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ።

«አይጠጡትም» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«ይህ ለዛሬ አይሆንም።»

«በወንድሜ ቤት? በወንድሜ ሙት ዓመት ጠጅ ከአፌ ትነጥቂኛለሽ?»

«በእኔ ቤት» አልኳት። ድምፄ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ቢሆንም ሁሉም ሰማው። በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ለዚያች ሴት እንዲህ ተናግሬ አላውቅም።

ምራቴ ከድስቶቹ በኩል እጇን እየጠረገች መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል። «እትዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እኔ ነኝ...»

«አንቺ ሂጂ ምስሩን አውጪ» አልኳት። ቆመች። «ሂጂ አልኩሽ!» ሄደች።

ቄሱ ጠርሙሱን አዩ፣ ምራቴ የሄደችበትን አዩ፣ እኔን አዩ። ምን እንደገባቸው አላውቅም። «ባለቤቲቱ ለዛሬ አይሆንም ካሉ አይሆንም» አሉና ብርሌያቸውን ዘረጉ። «ለእኔ ያንኑ ቅዱልኝ።»

እትዬ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ከእሷ ጋር የመጡትም ተነሡ፤ አንዳንዶቹ የጎረሱትን ሳይውጡ። ከፍስሐ ገነት ድረስ የመጡ ሽማግሌ እየወጡ «ለሙት እንኳን አይሰሰትም» ሲሉ ሰማኋቸው። የድንኳኑ ግማሽ ባዶ ሆነ። ከሳምንት በኋላ ገበያ ስወጣ ወሬው ቀድሞኝ ነበር፤ ጠጅ የቋጠረችው ሴት እኔ ነኝ። ቅመም የምትሸጥልኝ ሴት ሳይቀር «እውነት ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። «እውነት ነው» አልኳት።

ገና ሲሆን ጠርሙሶቹን ከፈትኩ። ልጄ መጥቶ ነበር፣ ጥቂት ጎረቤቶችም ነበሩ። ከባለቤቴ ወገን የመጣ የለም። ቀምሼ አየሁት። ከነጠላ፣ ከመታገሥ፣ ከአርባ ዓመት ልምድ ያገኘሁትን ሁሉ የሚያስንቅ ጠጅ ነበር። በሦስት እንቁላል። ይህም አናደደኝ። ለምራቴ ግን «ጥሩ ነው» አልኳት፤ ያን አንድ ቃል በማጣት ምን ያህል እንደሚኖር ስለማውቅ ነው።

በጥምቀት ሰሞን ምራቴ ሳትነግረኝ ተነሥታ እትዬ ቤት ሄደች። ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ነገረችኝ። ሁሉንም ተናግራለች፤ እንቁላሉን፣ ጾሙን፣ እኔ ዝም በይ ማለቴን።

«ምን አለችሽ?»

«መጀመሪያ አማተቡ። ብዙ ጊዜ አማተቡ።»

«ከዚያስ?»

«ታዲያ ለምን በጊዜው አልተናገረችም? ትዕቢተኛ! አሉ። እንዲያ ሰው ፊት ከምታዋርደኝ ጠጋ ብላ ጆሮዬ ላይ አትነግረኝም ነበር? አሉ። መጥታ ይቅርታ ትጠይቀኝ፣ እኔም እጠይቃታለሁ አሉ።»

ይህን ስሰማ ብዙ ነገር ልመልስ ፈለግሁ። ስለ ዋሳው፣ ስለ ላሟ፣ ስለዚያ ስኒ ወተት። ምራቴ ላይ ማፍሰስ ግን ትክክል አልነበረም። እውነት ለመናገር የጆሮው ነገር ልክ ነው። ጠጋ ብዬ ሁለት ቃል መንሾካሾክ እችል ነበር። ምራቴን ላለማጋለጥ ነው ዝም ያልኩት ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር፤ ደግሞም እውነት ነው። ግን ብርሌውን ስነጥቃት ደስ ብሎኛል። ያ ደስታ የምራቴ አልነበረም፤ የእኔ ነበር።

ይህን የምጽፈው ምራቴን አስፈቅጄ ነው። «ይጻፉት፣ እንቁላሉንም ይጻፉት» ብላኛለች። የእትዬ ቤት ከእኔ ቤት በባጃጅ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ልጄ በመጣ ቁጥር «እናቴ፣ ላድርስሽ?» ይለኛል። ሁለት ጊዜ ነጠላዬን አጣፍቼ እስከ አጥሩ በር ድረስ ወጥቻለሁ። ለአርባ ዓመት ይቅርታ ጠያቂዋ እኔ ነበርኩ፤ አሁንም መጀመሪያ የምትጠይቀው እኔ እንድሆን ነው የላከችብኝ።

አልሄድኩም።